ሰማንያ ሁለት ከመቶ

የልብ ጣቢያ ስድስት በሩን የሚከፍተው ከጧቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ሰልፈኛው ግን ሸሚዙን አውልቆ ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ነው የሚቆመው። ደንቡ ነው። ለአንድ ሰው የተመደበው ሦስት ደቂቃ ስለሆነ ቁልፍ ሲፈታና ሲቆለፍ የሚባክን ጊዜ የለም። ወንዱ ራቁት ደረቱን በመዳፉ እያሸ፣ ሴቷ ነጠላዋን ደርባ፣ ልጅ ያላትም ልጇን አዝላ፣ ሁሉም መግቢያው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች እያየ ተራውን ይጠብቃል።

ጠርሙሶቹ አሥራ አንድ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ የሰው ልብ በቢጫ ውኃ ተዘፍዝፎ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ስምና ክብደት ተጽፏል። «አየለ ሽፈራው፣ 540 ግራም።» «ዳምጠው ኪዳኔ፣ 575 ግራም።» ሁሉም በሥራ ላይ ሳሉ የሞቱ አንደኛ ደረጃ ሽቅበኞች፣ የፎቅ ሸክም አመላላሾች ናቸው። ቤተሰቦቻቸው በየሙት ዓመቱ እየመጡ የጠርሙሱ አንገት ላይ አበባ ያስራሉ። ቢጫው ውኃ ተንኖ ሲጎድል የምትሞላው ትርንጎ ናት፤ ዓርብ ዓርብ፣ በሻይ ማንቆርቆሪያ።

ትርንጎ ወልደሰማያት ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የሥራ መጠሪያዋ «አረጋጋጭ» ይባላል፤ የምታረጋግጠው ነገር ግን የለም። የልብን ምስል የሚያሳየውን መዳሰሻ ደረት ላይ ታሳርፋለች፣ ልቡ በጨመቀ ቅጽበት በእግሯ ፔዳል ትረግጣለች፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ቁጥሩን በድምፅ ማጉያ ለሰልፈኛው ሁሉ ያሰማል። አንድ ሰሞን ይህንንም የሚሠራ የብረት ክንድ መጥቶ ነበር። ሕዝቡ «ይቀዘቅዛል» ብሎ ስላጉረመረመ ሥራው ወደ ትርንጎ እጅ ተመለሰ።

የእሷስ እጅ የሚሞቀው በምን ሆነና! በተልባ ነው። ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ጄል ከቀረ ወዲህ ደረት ላይ የሚቀባው የተልባ ልጋግ ነው። በበርሜል ይዘፈዘፋል፣ ይጠለላል፣ ለብ ይደረጋል። አዲስ ተልባ የሚመጣው ግን በወር አንዴ ነው፤ ስለዚህ ትርንጎ ከእያንዳንዱ ደረት ላይ በላስቲክ መጥረጊያ እየፋቀች ወደ ባልዲዋ ትመልሰዋለች። ከፀጉሩ፣ ከላቡ፣ ከብብት ቅባቱ፣ አንዳንዴም ከቁስል ቅርፊቱ ጋር። ሥራ ሲያበቃ በሻሽ አጥልላ ታጣራዋለች፤ በማግስቱ እንደገና ይቀባል። ወሩ ሲጋመስ ሽታው ማስመለስ ይጀምራል። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ታምሩ በእነዚያ ቀናት ከቢሮው ንቅንቅ አይልም፤ ባልዲው በአጠገቡ ካለፈ አፍንጫውን በክርኑ ደፍኖ ይሸሻል። ትርንጎ የምትሸሽበት የላትም። በጾም ወራት ሰው ተልባ በጥብጦ ሲጠጣ ካየች ፊቷን ታዞራለች።

ማሽኑ የሚናገረው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ልብ ከያዘው ደም ከመቶ ስንቱን እንደገፋ። «ልክ» ይሉታል። ሰው ስሙን ከነአባቱ ከተናገረ በኋላ ልኩን ይጨምራል። ስድሳ የሆነ ሰው ደህና ሰው ነው። ከአርባ በታች የሆነ «ተቀማጭ» ይባልና ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ ይሰጠዋል፤ በሰልፉም ከቢጫው መስመር ወዲያ ነው የሚቆመው። ሰባ አምስትና ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ አንገቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ ያስርና ሽቅበኛ መሆን ይችላል።

ሽቅበኛ ባይኖር ከተማዋ አትኖርም ነበር። ኮምፒውተር የታጨቀባቸው የስሌት አዳራሾች ብርዷን ፈልገው ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ መብራቱን ሁሉ ጠጥተው ለሊፍት የሚሆን አልተረፈም። ልጆች የሊፍቱን ጉድጓድ ከጥንትም ለቆሻሻ መጣያ የተሠራ ይመስላቸዋል። ሠላሳና አርባ ፎቅ ላይ ላለው ሰው ውኃውን፣ ዱቄቱን፣ ሕመምተኛውን፣ ሬሳውንም ሳይቀር በጀርባው የሚያወጣና የሚያወርደው ሽቅበኛ ነው። የተከበረ ሰው ማለት ምድር ቤት አጠገብ የሚኖር ነው። ትርንጎና ልጇ ምንትዋብ የሚኖሩት ሃያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው።

በኅዳር ወር አንድ ማክሰኞ ሙሉሰው በትርንጎ ሰልፍ ገባ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ፣ ከምንትዋብ ጋር ሁለት ዓመት የተዋወቀ። የዚያኑ ሳምንት እሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ሌላ ጣቢያ መለካት ሲችል ወደ እሷ የመጣው ሆን ብሎ ነው፤ የወደፊት አማቱ ልኩን በጆሮዋ እንድትሰማው።

«እንደምን አደሩ እትዬ» ብሎ ተጋደመ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሽቅበኞች ከመለካታቸው በፊት ከቀትር ጀምሮ ውኃ ሳይቀምሱ ያድራሉ፤ «ደረቅ ማደር» ይሉታል። ልክ ከፍ ያደርጋል ብለው ነው።

ትርንጎ በቀን መቶ ስልሳ ደረት ስለምታይ ምስል ማየት ከተወች ዓመታት አልፈዋል። ዓይኗ ከጨለማው ምስል ላይ የሚያርፈው ፔዳል እስክትረግጥ ድረስ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ግን ደረቱ የልጇ እጮኛ ደረት ነውና አየችው። ባታየው በወደደች።

የልቡ ግድግዳ ወፍሯል። የጤነኛ ሰው አሥር ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሙሉሰው ሃያ አራት ነበር። ውፍረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ደም የሚያርፍበትን ቦታ አጣቦታል። የምትገባው ደም ጥቂት ናት፤ ያችኑ ጥቂት ጨምቆ ጨምቆ ያወጣታል። ሲላላ አይላላም፣ ሲሞላ አይሞላም። በየምቱም የቫልቩ አንደኛው ክንፍ ወደ ወፈረው ግድግዳ እየተሳበ መውጫውን ሊደፍነው ይደርሳል። እንዲህ ያለ ልብ ሸክም ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ትርንጎ ተማሪ ሳለች የሚያውቁ ሐኪሞች አስተምረዋታል።

«ሰማንያ ሁለት!» አለ ድምፅ ማጉያው።

ሰልፉ በእልልታ ተናጋ። ልጅ አዝለው የቆሙ እናቶች መስመሩን ጥሰው አልጋው ድረስ መጡና ከሙሉሰው ደረት ላይ ልጋጉን በጣታቸው እየጨለፉ የልጆቻቸውን ደረት መቀባት ያዙ። ከየት እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም፤ ከፍ ያለ ልክ ሲጠራ እንዲህ ነው የሚደረገው። አንዷ የሕፃኗን ከንፈር ቀባችው። ሕፃኑም ላሰው። ሙሉሰው ተጋድሞ ይስቃል፣ ጀርባው ሥር ልጋጉ ይንጠባጠባል። ትርንጎ የተንጠባጠበውን በመጥረጊያዋ ሰብስባ ወደ ባልዲዋ መለሰችው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ሃያ ሦስቱን ፎቅ አቀበት እያለከለኩ ወጡና እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በር ላይ ቆሙ። መሪያቸው ጡረታ የወጡ ግንበኛ፣ አቶ ፈለቀ ነበሩ። ድሮ ሽማግሌ ዘር ይቆጥር ነበር። አቶ ፈለቀ ከኮታቸው ኪስ የምስክር ወረቀት አውጥተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ እኛ ብዙ አንናገርም። ሰማንያ ሁለት። በእጅዎ የለኩት ነው።»

«በእጄ ነው የለካሁት፤» አለች ትርንጎ። «ስለዚህ ልንገራችሁ። ልጁን እወደዋለሁ፤ ልጄንም አልነፍገውም። ሸክሙን ግን ይተው። ልቡ ወፍሯል። የጤነኛ ሰው አሥር ሚሊ ሜትር ነው፣ የሱ ሃያ አራት ነው። እየወጣ ሳለ ድንገት ይወድቃል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ አቶ ፈለቀ ፊታቸው በደስታ በራ።

«ሃያ አራት! ሰማችሁ? ከሰው እጥፍ! አርባ ዓመት ስገነባ ግድግዳ ሳስቶ ሲወድቅ እንጂ ወፍሮ ሲወድቅ አላየሁም እኮ።»

«ልብ ቤት አይደለም አባቴ። ፓምፕ ነው።»

«ታዲያ ፓምፑ ሰማንያ ሁለት ገፋ አይደል?»

ሳቁ። ምንትዋብ ከጓዳው በር እናቷን እንደ ጠላት ገረመመቻት። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ «ከሰው እጥፍ» እያሉ ለየፎቁ ሰው ሲያወሩ ድምፃቸው ከደረጃው ይሰማ ነበር።

«አሳፈርሽኝ እማዬ፤» አለች ምንትዋብ። «አንደኛ ደረጃ ከሆነ ሁለተኛ ፎቅ ቤት ይሰጠዋል። ሁለተኛ ፎቅ! አንቺንም እንወስድሽ ነበር እኮ፤ ጉልበትሽ አልቋል።»

ትርንጎ ሰኞ ሥራ እንደገባች የቆዩ ምስሎችን አወጣች። በአሥር ቀን ውስጥ የሃያ ሦስት አንደኛ ደረጃ ሽቅበኞችን ልብ ደግማ አየች፤ አሥራ ሰባቱ ወፍራም ነበሩ። በጠርሙስ ያሉትን ማየትም አያስፈልግም፤ ሦስት መቶ ግራም መሆን የሚገባው ነገር አምስት መቶ አርባ ሲሆን ምን እንደሆነ ለማወቅ መማር አይጠይቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በማንቆርቆሪያ ውኃ ስትሞላላቸው የኖረችው እሷ ናት።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበር፤ ለማንም ነግራው የማታውቅ። ከሃያ አምስት ዓመት በፊት ለሕዝብ የሚነገረው ቁጥር የትኛው ይሁን ተብሎ ኮሚቴ ሲቀመጥ ትርንጎ የኮሚቴው ታናሽ አባል ነበረች። አንድ አዛውንት ሐኪም «ይህ ቁጥር ወፍራም ልብን ይሸልማል፤ ጡንቻው ወደ ርዝመቱ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ፣ ሲላላም እንዴት እንደሚላላ አብሮ ይለካ» ብለው ተከራከሩ። ሰብሳቢው ሕዝብ ሁለት ቁጥር አይገባውም አለ። ቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ የምሳው ሽታ ከታች እየመጣ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይሁን የሚሉ እጃቸውን ያውጡ ሲባል ትርንጎ እጇን አወጣች።

ስለ ወፍራሞቹ ልቦች ልትነግረው ቢሮው ስትገባ አቶ ታምሩ ቆሎ እየቆረጠመ እስከ መጨረሻው ሰማት። ጥሩ አድማጭ ነው። «ስንት ሰው ላይ አይተውታል እትዬ ትርንጎ?» ይላል፣ ይጽፋል፤ «ከሃያ ሦስቱ አሥራ ሰባት? ይሄ እኮ ትልቅ ነገር ነው!» ይላል፣ ያሰምርበታል። ትርንጎ ከቢሮው ስትወጣ ሸክም የወረደላት መሰላት፤ የዚያን ቀን ሃያ ሦስቱን ፎቅ ሁለት ጊዜ ብቻ አርፋ ወጣች።

በሁለተኛው ሳምንት መመሪያው መጣ። ምርጥ ሽቅበኞች ከሌላው ሰው የበለጠ የልብ ውፍረት እንዳላቸው በጥናት ስለተረጋገጠ፣ ከእንግዲህ ከልክ ቀጥሎ ውፍረትም በድምፅ ማጉያ ይነገራል። ከአሥራ ሁለት በላይ ለሆነ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሁለት ነጥብ ይታከላል። ከግርጌው ላይ «ግኝቱን ላቀረቡት አረጋጋጭ ወ/ሮ ትርንጎ ወልደሰማያት የላቀ ምስጋና» የሚል ነበር።

ወረቀቱን ይዛ መታጠቢያው ጋ ሄደች። አፏን ተጉመጠመጠች፣ እንደገና ተጉመጠመጠች። የጸየፈችው ታምሩን ብቻ አልነበረም፤ ይልቁንም እዚያ ቢሮ ውስጥ ቀለል ብሏት የወጣችውን ሴት ነበር። በማግስቱ ሰልፈኛው ገና ሳይጋደም «እትዬ፣ ውፍረቴን ደህና አድርገው ይዩልኝ» ይላት ጀመር።

ሙሉሰው ባገኘው ነጥብ ከአንደኛ ደረጃም በላይ ወጣ። ለአዲሱ ባለ አርባ አራት ፎቅ ሕንፃ ስድሳ ኪሎ ተሸክሞ በቀን ስድስት ጊዜ እንዲወጣ ተመረጠ። ከመጀመሩ በፊት አንድ የመጨረሻ ልኬት ቀረችው። በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ባልዲው ክፉኛ በሸተተበትና ታምሩ ከቢሮው ባልወጣበት ቀን መጥቶ ተጋደመ። እንደገና ደረቅ አድሯል፤ ምላሱ ከንፈሩ ላይ ይጣበቅበታል።

ትርንጎ መጋረጃውን ሳበች። ሦስት ደቂቃ ነበራት።

«ሙሉሰው፣ እውነቱን ንገረኝ። ስትወጣ ዓይንህ ይጨልማል?»

«አሥራ ዘጠነኛው ላይ አንዳንዴ። ሁላችንንም እኮ ነው እትዬ። ግድግዳ ይዘን ትንሽ እንቆማለን፣ ይበራል።»

«ወድቀህ ታውቃለህ?»

«አንዴ። ጌጡ ነው የያዘኝ» አለ። ጌጡ አብሮት የሚሸከም ጓደኛው ነው።

«ውኃ ሳትጠጣ ስታድር ልብህ ጭራሽ ይጠባል፤ መውጫው ይዘጋል። እኔ በዓይኔ እያየሁት ነው። እዚያ ሕንፃ ላይ ትሞታለህ። በእናትህ ተው።»

«ሁሉም ሰው ይሞታል እትዬ። እኔ ግን ቤት ይዤ ልሙት። ለምንትዋብ ቃል ገብቻለሁ።» ፈገግ አለ፤ ፈገግ ሲል ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደማ። «ይልቅ ቶሎ ይበሉ፣ ሰው ይጠብቃል።»

ትርንጎ ዓይኗን ከዓይኑ አነሳች። መዳሰሻውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ብብቱ አንሸራተተችና አንጓዋን አጠፈች። ምስሉ ተንሻፈፈ፤ ወፍራሙ ግድግዳ ከማዕዘኑ ወጥቶ ስስ ጫፉ ብቻ ቀረ። ልቡ ጨመቀ። አልረገጠችም። ሊሞላ ሲል፣ ገና ግማሽ ሳይደርስ፣ ፔዳሉን ረገጠች። ሙሉሰው እጇን እያየ ነበር።

«ሠላሳ አንድ፤» አለ ድምፅ ማጉያው። «ውፍረት፣ ዘጠኝ።»

መጋረጃው ሲከፈት ለእልልታ አፋቸውን የከፈቱ ሴቶች እንደከፈቱ ቀሩ። ማሽኑ ትናንትን አያስታውስም፤ ሰውም ቢሆን የሚያምነው የዛሬውን ነው። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰችው ባለፈው ወር ሕፃኗን የቀባችው እናት ናት። በነጠላዋ ጫፍ ላይ እንትፍ ብላ የልጇን ደረት ትፈትግ ጀመር፤ ቆዳው እስኪቀላ፣ ሕፃኑ እስኪያለቅስ። ሌሎቹም ተከተሏት። ከወር በፊት የተቀባ ነገር በምራቅ ሲፈተግ ጣቢያው ሁሉ እንትፍታ በእንትፍታ ሆነ። ጥበቃው የሙሉሰውን ቀይ ጥብጣብ ከአንገቱ ፈታና በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወሰደው። ሙሉሰውም ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ለይቅርታ እንኳ አልመጡም። ምንትዋብ ሦስት ቀን አለቀሰች፤ በአራተኛው ቀን ፊቷን ታጥባ ቁጭ አለች።

«ሠላሳ አንድ እኮ ነው እማዬ። ምን ላድርግ? ልጅ እወልዳለሁ። ደግሞ ሲያታልለኝ ነበር ማለት ነው።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች፤ «ጌጡ ስንት ነው? አንቺ ጋ አይደል የሚለካው?»

ትርንጎ ልጇን አየቻት። ምንትዋብ ዓይኗ አብጦ፣ ፀጉሯ ተበጥሮ፣ መልሱን እየጠበቀች ነው። ከገዛ ሆድ የወጣን ሰው መጸየፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ትርንጎ ያን ጊዜ አወቀች። እውነቱን ብትነግራት ለሙሉሰው ትነግረዋለች፤ ሙሉሰውም ሌላ ጣቢያ ሄዶ ይለካል። ስለዚህ «አላስታውስም» ብላት ተነሳች።

ጌጡን የለካችው በጥር መጀመሪያ ነው። ሰባ ዘጠኝ፣ ውፍረት ሃያ ሰባት፤ የሙሉሰውን ቦታ ሊወስድ። እጇ ሊታጠፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን አዲሱ ተልባ የመጣው የዚያኑ ቀን ጧት ነው፤ ባልዲው ንጹሕ ነበር፣ አይሸትም። ታምሩ ቆሎውን ይዞ ከቢሮው ወጣና ግኝቷን በዓይኑ ለማየት ከኋላዋ ቆመ። ትርንጎ መዳሰሻውን ቀጥ አድርጋ ያዘች። እልልታው እስከ ውጭ ተሰማ።

ከዚያ በኋላ ሙሉሰው በየወሩ ከቢጫው መስመር ወዲያ ይቆማል። ተቀማጭ ነው፤ አዳራሾቹ በር ላይ በርጩማ ተሰጥቶት የሚገባውን ሰው ጫማ ጭቃ በቢላዋ ይፍቃል። ወፍሯል፣ ፊቱ ተነፍቷል። ሲጋደም ሰላም አይላትም፣ ጣሪያውን ያያል። እሷም አንጓዋን ታጥፋለች፣ ፔዳሉን ታዘገያለች፣ ማሽኑ ሠላሳ አንድ ወይም ሠላሳ ሦስት ይላል። ስምንት ወር እንዲህ ሄደ።

በነሐሴ መጨረሻ አሥራ ሁለተኛው ጠርሙስ መግቢያው ላይ ተቀመጠ። «ጌጡ በላቸው፣ 612 ግራም።» እስካሁን ከነበሩት ሁሉ ከባዱ ነው ተብሎ ጭብጨባ ነበር። ሃያ ስድስተኛው ፎቅ ላይ ከነጀሪካኑ ነው የወደቀው፤ ውኃው ደረጃውን ይዞ እስከ ምድር ቤት ወርዶ ነበር አሉ። ትርንጎ ጠርሙሱን የሞላችው በዚያችው ማንቆርቆሪያ ነው።

በማግስቱ የሙሉሰው ተራ ነበር። ተጋደመ። ልጋጉን ስትቀባው ቆዳው ሽምቅቅ አለ።

«ያን ቀን እጅዎን አይቼዋለሁ፤» አለ ጣሪያውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ትርንጎ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር?»

«ልከስዎት ሁለት ጊዜ አቶ ታምሩ በር ድረስ ሄጃለሁ። ሌላ ጣቢያ ልለካም አስቤ ነበር፤ ያ መውደቄ ትዝ እያለኝ ቀረሁ። ጫማ ስፍቅ ስምዎን እየጠራሁ ነበር የምፍቀው። ጠላሁዎት። አሁንም እጠላዎታለሁ። ጌጡን ግን ቀጥ አድርገው ለኩት።»

«ታምሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር» አለች። ያለችውን ራሷ ስትሰማው ከባልዲው የባሰ ሸተታት።

መዳሰሻው ደረቱ ላይ ሲያርፍ ሙሉሰው የግራ ትከሻውን ከአልጋው ላይ ትንሽ አነሳና ወደ ጎን አጋደለ፤ ምስሉ እሷ አንጓዋን ሳታጥፍ ራሱ ተንሻፈፈ። ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ። ትርንጎ ፔዳሉን አዘግይታ ረገጠች።

«ሠላሳ አንድ።»

ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ እንትፍ አለች። ሙሉሰው ተነስቶ ሸሚዙን ለበሰ፤ ይህን ጊዜ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ሳይቸኩል። ከመግቢያው ጠርሙሶች ፊት ለፊት ጥቂት ቆሞ ሄደ።

የዚያን ቀን ሥራ ሲያበቃ ትርንጎ ባልዲውን በሻሽ አላጣራችውም። በማግስቱም አላጣራችውም። ከላብና ከፀጉር ጋር እንዳለ ሰበሰበችው፤ አዲስ ተልባ ሲመጣም በላዩ አፈሰሰችበት። በመስከረም ሽታው ከመንገድ ይሰማ ነበር፤ ሰልፈኛው ነጠላውን አፍንጫው ላይ ይደፍናል፣ እሷ ራሷ ቁርስ መብላት ትታለች። ባልዲውን ሁልጊዜ ከወንበሯ ኋላ፣ በእሷና በታምሩ በር መካከል ታስቀምጠዋለች። ታምሩ አንድ ቀን ለጉብኝት ብቅ ሊል ሞክሮ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ቆሎውን መሬት ላይ ተፍቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በሩ ሥር ጨርቅ ወተፈበት።

«ቀጣይ» አለች ትርንጎ።

ከንፈሩ የተሰነጠቀ የሃያ ዓመት ወጣት መጥቶ ተጋደመ። ቀይ ጥብጣቡን ከወዲሁ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ይዞታል፤ ጫፉ ይታያል። ትርንጎ ባልዲው ውስጥ እጇን እስከ አንጓዋ አስገብታ ጨለፈችና ደረቱ ላይ አፈሰሰችው። ግድግዳው ሃያ ሁለት ነበር።

አንጓዋን አጠፈች።